ጋሽ ወልዴ ብቻ የሚያስነሱት ሞተር

የጤና ጣቢያችን ባልደረቦች፣ የቴፒ ጎረቤቶቻችን፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ጋሽ ወልዴ፤ እንደምን ዋላችሁ። መፈክሩን ኃላፊያችን ጓድ አሕመዲን ቅድም ስላሰሙን እኔ አልደግመውም። ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበርን፤ ሁላችንም ደክሞናል። ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁ ጠጋ በሉ እንጂ እኔ ድምፄን ከፍ አላደርግም፤ በጩኸት የኖሩት ጋሽ ወልዴ ናቸው።

በዚህ የጡረታ ሽኝት ላይ ተናገሪ የተባልኩት አንደበት ስላለኝ እንዳይመስላችሁ። ከጋሽ ወልዴ ጀርባ እንደኔ የተቀመጠ ሰው ስለሌለ ነው። እሳቸው እየነዱ፣ እኔ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ታቅፌ፣ ከቴፒ እስከ ጌጫ፣ ከጌጫ እስከ ማሻ፣ ክረምት ከበጋ ተመላልሰናል። ፊታቸውን በደንብ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጀርባቸውን ግን ከገበያ ሰው መሀል ብትደብቁብኝም እለየዋለሁ።

የመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። እኔ ለጤና ረዳትነት ተመድቤ ከመጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። ከሚዛን የመጣ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመና አንድ ረዘም ያሉ ሰው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው ወረዱ። አረማመዳቸው በጥንቃቄ ነው፤ ጭቃውን እየመረጡ፣ እንዳያነቃንቁት እየተጠነቀቁ። እዚህ ግቢ በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎ የሚገባ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሮጬ አልጋ አነጠፍኩ። ሙቀት መለኪያውን አራገፍኩ። ሕፃኑን ቶሎ ወዲህ ያምጡት አልኳቸው። እሳቸው ሕፃን አይደለም ማለት አልሆነላቸውም። ቀስ አድርገው አልጋው ላይ አስተኙትና ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። ዘይት የጠጣ የሞተር ሲሊንደር ነው።

«ትኩሳቱ ወርዶለታል፤ የሚያስቸግረው ትንፋሹ ነው» አሉኝ።

የሳቁ መስሏችሁ እንዳይሆን። ፊታቸው ላይ አንዲት የሳቅ ምልክት አልነበረችም። የአንሶላው እድፍ ግን በስንት እጥበት አልለቅ ብሎ እስከ ዛሬ አለ። አሁን ቡትቶ ሆኖ ወለል ይወለወልበታል።

ጋሽ ወልዴ የክትባት ሞተር ነጂያችን ሆነው ከመመደባቸው በፊት የኖሩት ጫካ ውስጥ ነው። ግንድ የሚቆረጥበትን የመጋዝ ሞተር ሲጠግኑ፣ ሲያጎለብቱ። ያ መጋዝ ባለሁለት ምት ነው፤ ቤንዚኑና ዘይቱ አብሮ ተቀላቅሎ የሚቃጠልበት፣ ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ፣ ትንሽ ሆኖ ጩኸቱ ትልቅ የሆነ ሞተር። ለክትባት የተሰጠን ሞተር ሳይክልም የዚያው ዘመድ ነው። ሲመጣ አዲስ ነበር፣ ያብለጨልጭ ነበር፣ ግን ለሜዳ የተሠራ ነው። ሁለት ሰውና አንድ የበረዶ ሳጥን ጭኖ የጌጫን ዳገት ሲጀምር ሳል እንደያዘው ሰው ያጣጥርና ይቆማል። ወርደን እንገፋለን። ስንገፋ በረዶው ይቀልጣል።

በረዶው ቢቀልጥ ምን አለበት የምትሉ ጎረቤቶች ትኖራላችሁ። ክትባት ሙቀት ካገኘው ይሞታል። የሞተው ደግሞ ካልሞተው በዓይን አይለይም። የልጁን ክንድ ወግታችሁ፣ እናቲቱን አይዞሽ ብላችሁ ትልካላችሁ፤ የሰጣችሁት ግን ውኃ ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ ሁሉ ከላምባ ፍሪጃችን የወጣው በረዶ ሳይቀልጥ ዳገቱን መውጣት ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ታዲያ ጋሽ ወልዴ ይሄን ሞተር አጎለብተዋለሁ ብለው ተነሱ። ከላይ መለዋወጫ ጠየቅን፤ በሂደት ላይ ነው ተባልን፤ ሂደቱ እስከ ዛሬ አላለቀም። እሳቸው ሞረድ አነሱ። በመጀመሪያ ቴስታታውን፣ ማለት የሲሊንደሩን ክዳን፣ ከሥሩ ፍቀው ማሳነስ ፈለጉ፤ ቤንዚኑ በጠበበ ቦታ ሲታመቅ ጉልበቱ ይጨምራል ይላሉ። ለመፋቅ ግን ፍጹም ለጥ ያለ ነገር ያስፈልጋል፤ እዚህ ከተማ ለጥ ያለ ነገር ከየት ይመጣል? መስታወት ነው። ጓድ አሕመዲን፣ ያን ጊዜ የቢሮዎ መስኮት አንዱ መስታወት የጠፋው በሌባ አልነበረም። የብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበት ቴስታታ ሲፋቅበት ሰንብቷል። እርስዎ አንድ ሙሉ ክረምት ዝናብ እየገባብዎ ዘበኛውን ሲቆጡ ጋሽ ወልዴ አጠገብዎ ቆመው ሌባ ክፉ ነው ይሉ ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ ጭስ የሚወጣበትን የሲሊንደሩን ቀዳዳ በሞረድ ወደ ላይ አሰፉት። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እሳቸው የሚያውቁት መጋዝ ነው። መጋዝ ጉልበቱ የሚፈለገው እየጮኸ ሲዞር ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ መጋዝ የለም። ሞተራችንንም ልክ እንደ መጋዝ አድርገው ሠሩት። የመጀመሪያ ቀን ተሳፈርን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሞተሩ ጭራሽ ከበፊቱ ደከመ፤ እንቅልፍ የያዘው መሰለ። ጋሽ ወልዴ ቤንዚን ሰጡት። አሁንም ዝም። እንደገና ሰጡት። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ጮኸና ተወነጨፈ። እሳቸው ከነሞተሩ ሄዱ። እኔ ሳጥኑን እንደታቀፍኩ ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ወደ ቴፒ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ፤ እያዘኑ አነሱኝ፣ እየሳቁ ሄዱ። ጋሽ ወልዴ እንደሌለሁ ያወቁት እላይ ደርሰው ሲያወሩኝ መልስ ሲያጡ ነው።

ተመልሰው መጡና መጀመሪያ ያዩት ማንን እንደሆነ ልንገራችሁ? ካንዴላውን፣ ያን እሳት የሚጭረውን ነው። ፈትተው፣ ቀለሙን አይተው፣ አሽትተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የበሽተኛ ምላስ እንደማየው እሳቸው ካንዴላ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ነው «ተጎዳሽ እንዴ» ያሉኝ።

ሞርደው ያነሱትን ብረት መልሶ መለጠፍ አይቻልም። ሌላ ሲሊንደር የለም። እኔ አበቃለት ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሲሊንደሩን ገልብጠው ከታች ከመቀመጫው ፋቁትና እንዳለ ዝቅ አደረጉት፤ ከፍ ያለው ቀዳዳም አብሮ ዝቅ አለ። ጉልበቱ ከላይ ወደ ታች መጣ፤ ሞተሩ ገና ከሥሩ መሳብ ጀመረ። ማርሚታውንም፣ ጭስ የሚወጣበትን ቧንቧ፣ ሆዱን ነፋ አድርገው በሰው እጅ አስበየዱት። ከዚያ ወዲያ የጌጫ ዳገት ለእኛ ዳገት መሆኑ ቀረ። ድምፁም ከሩቅ ይሰማ ጀመር፤ እላይ ያሉ እናቶች ደወል አያስፈልጋቸውም፣ ያን ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ መንገድ ይወጣሉ።

አመላቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀስ ይበሉ ሲባሉ አይሰሙም። የሳል ሽሮፕ የምንሰፍርበትን መስፈሪያ ይሰርቁና ከቤንዚን የሚደባለቀውን ዘይት ይለኩበታል። እኔ እደብቃለሁ፤ እሳቸው ያገኙታል። አንዴ ተናድጄ ሽሮፑ ቤንዚን ቤንዚን ቢል ማን ይጠየቃል አልኳቸው። ልጆቹ ፈጥነው ይድናሉ ብለውኝ ሄዱ።

አሁን የማልስቅበትን ልናገር። ሽኝት ላይ አይነገርም ትሉ ይሆናል። እሳቸው ይሄን ዘልዬ ባመሰግናቸው ያፍሩብኛል።

ያ ሁሉ የታመቀ ጉልበት ዋጋ ነበረው። ሞተሩን ለማስነሳት ፔዳሉ በቀላሉ አይረገጥም። የጋሽ ወልዴ እግርና የጋሽ ወልዴ ክብደት ካልሆነ አይወርድም፤ በግማሽ ከተረገጠ ደግሞ መልሶ ይመታል። የመኪናችን ሾፌር ተረፈ እዚያ ተቀምጦ ይስቃል፤ ይሄማ ምኑ ያቅተኛል ብሎ ረግጦት ቅልጥሙ በጄሶ የታሰረው በዚህ ፔዳል ነው። ወጣት ሾፌር ይላክልን ብለን ጠየቅን፤ ወጣቱ ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል ተባልን። እንግዲህ ሞተሩ የመንግሥት ነው፣ የሚያስነሱት ግን ጋሽ ወልዴ ብቻ ናቸው። ይሄን እንደ ሙገሳ ስናወራው ኖረናል። እሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር፣ አይካዱ።

አምና ክረምት ወባ ጣላቸው። ከጌጫ በላይ ካለው መንደር ደግሞ ኩፍኝ ወደነሱ እየተጠጋ ነው የሚል ወሬ መጣ። በረዶውን በሳጥኑ ሞላሁ፣ ክትባቱን ደረደርኩ። መኪናው በዚያ ጭቃ አይሞከርም። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ተሰልፎ ፔዳሉን ረገጠ። አልተነሳም። ጋሽ ወልዴ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ በባለቤታቸው በወይዘሮ ጥሩነሽ ተደግፈው እስከ በሩ መጡና እግራቸውን አነሱ። ወደቁ። እኔ ሳጥኑን ታቅፌ ቆሜ በረዶው ሲቀልጥ እሰማው ነበር፤ መጀመሪያ ያንኳኳል፣ ኋላ ይንቦጫረቃል፣ ኋላ ዝም ይላል። ክትባቱን ደፋሁት።

እሳቸው ተሽሏቸው የሄድን ቀን ኩፍኙ ቀድሞን ገብቷል። እናቶቹ እንደወትሮው ድምፃችንን ሰምተው መንገድ ዳር ቆመዋል። ሎሚ የምትባል አለች፤ ሁልጊዜ ሁለቱን ልጆቿን አንዱን አዝላ አንዱን በእጇ ይዛ ከፊት ነው የምትቆመው። ያን ቀን የያዘችው አንዱን ነው። ምንም አልጠየቅኋትም። እሷ ግን ተናገረች።

«ድምፁን ስንጠብቅ ነበር» አለችኝ።

ብትቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ አንጀቴን የበላው ያ ነው። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከጀርባቸው ሆኜ አወጣሁት።

«ጋሽ ወልዴ፣ ይሄን ሞተር የሠሩት ለራስዎ ብቻ ነው» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ያን ቀን ብቻ ቀስ ብለው ነዱ። ያልኩትን ዛሬም እዚህ ሁሉ ሰው ፊት አልመልሰውም፤ እውነት ነበር። እሳቸውም መልሺ አላሉኝም።

ጡረታቸው እየቀረበ ሲመጣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ድግሱ ምን ይሁን ስትሉ፣ ስጦታው ጋቢ ይሁን ካፖርት ስትከራከሩ፣ እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው። እሳቸው ሲሄዱ ማን ያስነሳዋል? እላይ ያሉት ሴቶች ምን ድምፅ ሊጠብቁ ነው? ጋሽ ወልዴ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሞተሩን ጓዳቸው አስገብተው በር ዘጉ። ምን እየሠሩ ነው ስላቸው አሮጌ ነገር መነካካት ነው አሉኝ። አወጡትና ከኋላቸው ተሳፈርኩ። ልፍስፍስ ብሏል። ድምፁ ወርዷል፣ ጉልበቱም ወርዷል። ምን አደረጉት ብላቸው «አርጅቷል፤ እንደኔ» ብለው ዘጉኝ። እኔ በልቤ ምን እንዳልኩ አልነግራችሁም። የያዝነው አንድ ሞተር፣ እሱንም በመጨረሻ ሰዓት ገደሉት ብዬ ነው የዋልኩት።

ባለፈው ሳምንት፣ የጌጫ ተራ የደረሰ ዕለት፣ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሞተሩን ይዘው ጠበቁኝ። ከኋላው ለሳጥኑ ብረት ተበይዶለታል፣ ጠፍር ተዘጋጅቶለታል። ፔዳሉን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ርገጪው» አሉኝ።

የተረፈን ቅልጥም አስታወስኩና ወደኋላ አልኩ። እሳቸው ቆመው ጠበቁ። ፈርቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ረገጥኩት። ተነሳ። እንደ ቅቤ ነው የወረደልኝ። መንዳቱንማ እሳቸው ጀርባ ስቀመጥ በዓይኔ ተምሬው ኖሯል፤ ሜዳ ሜዳውንም ከዚህ በፊት ሰጥተውኝ ያውቃሉ። ያልቻልኩት ማስነሳቱን ነበር።

ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የትልቁን ድስት ክዳን ሲፈልጉ እንደከረሙ ሰምቻለሁ። ጎረቤት ወስዶት ነው ብለው ከሰው እንዳይጣሉ። ያ ክዳን በሲሊንደሩና በቴስታታው መሀል ነው ያለው። ጋሽ ወልዴ በክብ ቆርጠው ወፍራም ጓርኒሲዮን፣ ማለት መሀል የሚገባ ማሸጊያ፣ አደረጉት። በመስታወት ላይ ሲፍቁ ከርመው ያጠበቡትን ቦታ በእርስዎ ድስት ክዳን መልሰው አሰፉት። ቤንዚኑ እንደ ድሮው አይታመቅም፤ ስለዚህ ፔዳሉ ለእኔ እግር ይወርዳል። ዕድሜ ልካቸውን በሞተር ላይ ጉልበት ሲጨምሩ የኖሩ ሰው፣ የመጨረሻ ሥራቸው መቀነስ ሆነ። የቀነሱትም ለእኔ ነው። እሱን ሳውቅ ያ ሁሉ ሳምንት በልቤ ያልኳቸው ነገር አሳፈረኝ።

ያን ቀን እኔ ነዳሁ፤ እሳቸው ከኋላ ተሳፈሩ። የእጃቸውን አቀማመጥ ብታዩት፤ ትከሻዬን እንደ መሪ ነው የያዙት። ገና ከከተማው ሳንወጣ «ቀስ በይ» አሉኝ። እኔ ስንት ዘመን ለምኜ ያልሰሙኝን ቃል። አልሰማኋቸውም።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ግን ሞተሩ አቃሰተ። የፈራሁት ደረሰ። እንደ መጀመሪያው ዘመን ሊቆም ሆነ። ጋሽ ወልዴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ወረዱ። ሳጥኑን ጠፍሩ መያዙን አዩ።

«እኔ ከላዩ ስወርድ ጉልበት ይተርፈዋል» አሉኝ፤ «አሁን ሂጂ።»

ሄድኩ። ሞተሩ ቀስ እያለ፣ ሳይቆም፣ ጠማማውን ሁሉ ይዞኝ ወጣ። ዞር ብዬ ሳይ ጭቃው ውስጥ በእግራቸው እየመጡ ነው፤ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ሂጂ ሂጂ ማለታቸው ነው። ያኔ አለቀስኩ፤ ንፋስ ነው እንዳልል ንፋስም አልነበረም። እላይ ደርሼ ሳጥኑን ስከፍት በረዶው ገና ያንኳኳል። ሎሚ ከፊት ቆማለች። ድምፁ ስለተለወጠ እኛ መሆናችንን ተጠራጥረው እንደነበር ነገሩኝ፤ ሽማግሌውስ የት አሉ አሉኝ። እየመጡ ነው አልኩ። ልጆቹን ወግቼ ልጨርስ ስል ነው እያለከለኩ የደረሱት። መጀመሪያ ወደ ሞተሩ ሄዱ፤ እጃቸውን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፉ። እንዳልጋለ ሲያዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንደዚያ ደክሟቸው አይቻቸው አላውቅም። እንደዚያ ፊታቸው ተፈትቶም አይቻቸው አላውቅም።

ጋሽ ወልዴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለነዱኝ፣ ስለጣሉኝም። ያልኩዎትን ሰምተው ዝም ስላሉኝ፣ ዝም ብለው ደግሞ ስላልተቀመጡ። እላይ ያሉት እናቶች ስምዎን አያውቁም፤ ሽማግሌው ነው የሚሉዎት። ምስጋናቸውን ይዤ መጥቻለሁ፤ ማር ነው፣ ጠጅ ሆኖ ፊታችሁ ቀርቧል። ጠጅ የማትጠጡ ጸሎተኞቻችን እንደኔ ብርዙን ያዙ።

በሉ አንሱ። ጋሽ ወልዴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር ደግ እርጅና ያርግልዎ፤ ድስቱም ክዳን ያግኝ። ወባው ይማርዎት፣ ወገብዎ ይጠና።

ነገ ጠዋት ወደ ማሻ ነኝ። ቤትዎ ከአጥራችን ጀርባ ስለሆነ ሞተሩን ሳስነሳ ከአልጋዎ ሆነው ይሰሙኛል። አንድ ነገር ግን አደራ። በመጀመሪያው ርግጫ አልነሳ ቢለኝ ጫማዎን ፈልገው እንዳይወጡ። በሁለተኛውም እንዳይወጡ። ጋቢዎን ይከናነቡና ይተኙልኝ። እኔ ደግሜ እረግጠዋለሁ።

ለጋሽ ወልዴ ጤና።